የአባቴ ሁለተኛ ምርመራ፦ ከወገዳ ደብረ ታቦር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ወገዳ

መናኸሪያው ብርድ ነው። አባቴ አሮጌ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የሕክምና ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። በውትድርና ዘመናቸው የፈንጂ ፍንጣሪ ወገባቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግራ እግራቸው ይደነዝዛል። ለጉዳት ጡረታ ቢያመለክቱ የሐኪሞች ቦርድ «ከሥራ የሚያግድ ጉዳት የለም» ብሎ መለሳቸው። ይግባኝ ስንል አዲስ ምርመራ ታዘዘ፤ ዛሬ የምንሄደው ለዚያ ነው።

ሾፌሩ ምርኩዛቸውን አይቶ ጋቢና የተቀመጠውን ነጋዴ ወደ ኋላ አዛወረ።

«አባ፣ እዚህ ይሻልዎታል። ይህ መንገድ ወገብ አይምርም።»

ነጋዴውም ሳያጉረመርም ደግፎ አወጣቸው። እግዜር ይስጣቸው።

ረፋድ 4፡00፣ ንፋስ መውጫ

ኮረኮንቹ አለቀ። ምስር ወጥ አዝዘን እየበላን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ቦርዱ ፊት ሲቀርቡ ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«'እንዴት ነዎት?' አለኝ። 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ' አልሁት።»

«ከዚያስ?»

«ጻፈው።»

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ፤ ጫማቸውን እንኳ አላስወለቃቸውም ነበር።

ከሰዓት 8፡30፣ ደብረ ታቦር

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጫማቸውን ራሷ ጎንበስ ብላ አወለቀች። ጠጠር ዱብ አለ፤ ካልሲያቸው ደም ነክቶታል።

«ይህ መቼ ገባ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። አልተሰማኝም።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ዓይናቸውን አስጨፍና እግራቸውን በመርፌ ጫፍ ከጣት እስከ ጉልበት ነካካች፤ ደረጃ አስወጣቻቸው፤ ራጅ አስነሣቻቸው።

«ከእርሻ ሥራ የቱን ተዉ?»

«ማረሱን። ትልም ላይ እግሬ ይከዳኛል፤ እወድቃለሁ።»

መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጡት በእርጅና መስሎኝ ነበር። አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም።

ሐኪሟ የጻፈችውን ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «የጎደለ አለ?»

አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «የለም። እኔ መናገር ያቃተኝን ተናገርሽልኝ። ያሳደገሽ ይባረክ።»

ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00፣ ወገዳ

ደብረ ታቦር አድረን ጠዋት ስንመለስ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ወርደን የምርመራውን ውጤት ከይግባኙ ጋር ለጡረታ ቢሮው አስገባን። ጸሐፊዋ ገጽ በገጽ አይታ ማኅተም መታችልን። ውሳኔው ጊዜ ይወስዳል።

እናቴ ከደጅ ቆማ ጠበቀችን።

«ተፈቀደ?»

«ገና ነው» አሉ አባቴ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው እየተቀመጡ። «ግን ያመነኝ ሰው አገኘሁ።»