ዘፋኙን በበረዶ ያስወጣችው ሴት

የበደለችኝ የሟቹ ባለቤቴ እህት ናት። ጊዜውም እንደ ፈረንጆቹ በ2016፣ ከፋሲካ በኋላ በተሰበሰብንበት የመጀመሪያው የጽዋ ማኅበር ላይ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

በዚያ ሰሞን ፌስቡክ ላይ አንድ ወሬ ይዞር ነበር። ዛሬ አዳራሽ የሚሞላለት አንድ ዘፋኝ፣ ገና አሜሪካ እንደገባ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ውስጥ የአንዲት ሐበሻ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቷን፣ ተከራይቶ ነበር ይላል። ሴትዮዋ ማሞቂያውን ዘግታ፣ በገና ሰሞን ሻንጣውን በረዶ ላይ ወርውራ አስወጣችው፤ እግዚአብሔር ግን ከፍ አደረገው። ሼር ያላደረገው ሰው አልነበረም።

የባለቤቴ እህት ይህን ማኅበሩ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከስልኳ አነበበችው። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ምን አውቃለሁ እቴ! ግን ያኔ አውሮራ ውስጥ ቤዝመንት ያከራየሽው አንቺ አልነበርሽም? ያ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሲታጠብ ይዘፍን የለም እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ልንነሳ ስንል ግን ጽዋው አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ተሰጠ። «አንቺ ደክሞሻል፤ ትንሽ ዕረፊ» አለችኝ ሰብሳቢያችን፣ ዓይኔን ሳታይ። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ነኝ። ተራዬን ያለ እኔ ፈቃድ ሲያሳልፉብኝ የመጀመሪያው ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። ተከራይ ነበረኝ። ልጄ ወልዳ ልትታረስ ወደ እኔ ስለምትመጣ፣ ቤዝመንቱን እንደምፈልገው ቀደም ብዬ ነገርኩት። እዚያው አቅራቢያ፣ እንግልውድ፣ ክፍል ያገኘሁለት እኔ ነኝ፤ ሻንጣውን በመኪናዬ ጭኜ ያደረስኩትም እኔ ነኝ። በረዶ ነበር። ዴንቨር ነው፣ በረዶማ ይኖራል።

ይህን እዚያው ለምን አልተናገርሽም የሚለኝ ይኖራል። አንድ ነገር ስለፈራሁ ነው። ልጁ ዘፋኙ ቢሆንስ? ከሄደ በኋላ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም፤ ዘፋኝ ደግሞ ስሙን ይቀይራል። ልጁ ዳውንታውን ሌሊት ሠርቶ ሲገባ እኔ ወደ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን ወደምጦርበት ሥራዬ፣ እወጣለሁ፤ የምንገናኘው በር ላይ ነው። ክረምት ከበጋ የሹራብ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ስቦ ነው የሚሄደው። ድምፁም መጥፎ አልነበረም። እሱ ሆኖ «አዎ፣ አስወጥታኛለች» ቢል፣ ሕዝብ የሚወደውን ዘፋኝ ትቶ የእኔን ቃል ማን ይሰማል?

ስለዚህ የዘፋኙን ፎቶ ስልኬ ላይ እያወጣሁ፣ ያንን ጎፈሬውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ፊቱን ማየት ያዝኩ። በሸፈንኩት ቁጥር ልጁን እየመሰለኝ ሄደ። ከወሬው ሥር የተጻፈውንም አነበብኩ። አንዱ «ይሄ የሆነው ሲያትል ነው፣ ሴትዮዋን አውቃታለሁ» ይላል። ሌላው ዳላስ ነው ብሎ ይምላል። ልቤ ትንሽ ቀለል አለው፤ ግን ለአውሮራ ሰው የሲያትሏ ሴት ምኑ ናት? እኔ ነኝ ቅርቡ።

ምግብ አልበላ ብሎኝ በሰነበትኩበት ሰዓት ነው ሰርጉ ትዝ ያለኝ። ልጁ እኔ ዘንድ ሳለ የባለቤቴ እህት ልጇን ድራ ነበር፤ እሱንም ይዤው ሄጃለሁ። የሐበሻ ሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ማንንም አይምርም። ካሜራ ያዡ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ፣ ጉርሻው ገና አፍ ውስጥ እያለ፣ ሁሉንም ይቀርጻል።

ቪዲዮው ያለው በእሷው ቤት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግሪን ቫሊ ራንች ወደሚባለው ሰፈሯ ሄድኩ።

«የልጅሽን ሰርግ ማየት አማረኝ» አልኳት።

ደስ አላት። ለዓመታት አሳዪኝ ያላት ሰው አልነበረም። ሙሽራይቱ፣ አሁን የልጆች እናት ናት፣ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ኖት አጌን» እያለች ከፈተችልን። የባለቤቴ እህት ያለፈውን ሰው ሁሉ ቀሚስ ስታማ ቆየች። በመጨረሻ የእኛ ጠረጴዛ መጣ።

«ቆይ! አቁሚው!» ብላ ጮኸች። «ይሄ የወንድሜ ሱፍ አይደለም?»

«ነው» አልኩ።

«እኔ ራሴ ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ ያስለካሁትን ሱፍ! ለተከራይ?»

«ምን ይልበስ? ሱፍ አልነበረውም። በልጅሽ ሰርግ በጃኬት ይምጣ?»

«ለዚያ ለቤዝመንቱ ልጅ!»

«አዎ፣ ለዚያ ለቤዝመንቱ ልጅ።»

ልጇ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለች። «ዌይት፣ ማሚ። የቤዝመንቱ ልጅ ይሄ ነው? ይሄ እኮ ራሰ በራ ነው። ዘፋኙ እሱ አይደለም።»

አየሁት። ያለ ኮፍያ ነው፤ ፀጉሩ ከግንባሩ እስከ መሀል አናቱ የለም። ጆሮዎቹ ግራና ቀኝ እንደ ጀበና እጀታ ቆመዋል። ዘፋኙን በምንም አይመስልም።

«ዘንድሮ ፀጉር ያስተክላሉ» አለች የባለቤቴ እህት።

«ጆሮውንስ ምን አደረገው፣ ማሚ? ለሱቅ መለሰው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ ልጅቷ ውኃ አመጣችልኝ። ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ለካ ያን ሁሉ ሳምንት ሽቅብ ሰቅዬው ኖሯል። መንገድ ላይ የተጠበሰ ዶሮ ገዝቼ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አቁሜ፣ አጥንቱ ብቻ እስኪቀር በላሁ።

ዘፋኙ ራሱ በኋላ ሬዲዮ ላይ ተጠይቆ፣ ኮሎራዶን ለኮንሰርት ካልሆነ እንደማያውቃት ተናገረ። ያንን ሼር ያደረገ ሰው አላየሁም።

ልጅቷ ያቺን የቪዲዮ ቁራጭ በስልክ ቀርጻ ላከችልኝ። እኔም አንድ ቃል ሳልጨምር ማኅበርተኛው ሁሉ ወዳለበት የቫይበር ቡድን ላክሁት። ሰብሳቢዋ በማግስቱ ደወለች፤ ተራዬ ተመለሰልኝ። የባለቤቴ እህት ይቅርታ አላለችኝም።

ማኅበሩ እኔ ቤት ሲሆን መጣች። ከሌሎቹ እኩል አስተናገድኳት። ስትሄድ ቁጥሯን ከስልኬ አጠፋሁ።