የዲመካው ጆሮ

ወጣት ሳለሁ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ካንጋተን ጣቢያ የምትሠራውን ልጅ የወደድኳት መልኳን ሳላይ፣ በድምፅዋ ነው። ግን የወረዳ ጣቢያዎች ሁሉ አንድ መስመር ላይ ስለነበሩ፣ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ ይሰማናል። እሷም እንደኔ የአሪ ተወላጅ ናትና ሌላው እንዳይገባው በአሪኛ ማውራት ጀመርን፤ ብልጥ የሆንን መስሎን!

አንድ ጠዋት እንደምንም ደፍሬ «ታገቢኛለሽ?» አልኳት። እንደ ሬዲዮ ደንብ «ኦቨር» ብዬ ተራውን ለቀቅኩላት።

«ሽማግሌ ላክና አባቴን ጠይቅ። ኦቨር።»

አፌን ሳልከፍት ከዲመካ ጣቢያ አንድ ወፍራም ድምፅ ገባ። «እንኳን ደስ አላችሁ!» አለ፤ ያውም ጥርት ባለ አሪኛ። ተናድጄ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

ዛሬ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ። በቀደም ሥልጠና ላይ አንድ ዘዴ አሳዩን። ብዙ አንቴናዎች ተባብረው ንግግሩን ወደ ተፈለገው ሰው ብቻ ያነጣጥራሉ፤ ወደ ሌላው አቅጣጫ ደግሞ ሆን ብለው ጫጫታ ይለቃሉ። ጆሮ ጠቢ ከጫጫታው በቀር ምንም አይሰማም። ቤት ስገባ ለባለቤቴ፣ ለዚያችው ለካንጋተኗ ልጅ፣ ነገርኳት።

«ያኔ ይሄ ቢኖረን ያ ወሬኛ አንዲት ቃል አይሰማም ነበር!» አልኳት።

በቆሎዋን መፈልፈል ሳታቋርጥ ሳቀች።

«አንተ አፍረህ ዛሬ ነገ ስትል፣ ሽማግሌ ሰብስቦ አባቴ ደጅ የቆመልህ ያው ወሬኛ አይደል እንዴ?»