ሠዓሊው እና ቀይዋ መስመር

በላቦራቶሪው ሰው ሁሉ «ሠዓሊው» ይለዋል። ፉገራ መሆኑ አይጠፋውም፤ ግን ደስ ይለዋል። ሥራው የዘረመል ማንበቢያ ማሽኑ ያወጣውን የጥራት ውጤት በመስመር መሳል ነው። ከፍ ያለ መስመር ጥሩ ናሙና፣ ዝቅ ያለ የሚጣል።

ድሮ መስመሮቹ ሁሉ ጥቁር ነበሩ። ለእያንዳንዱ ቀለም የሰጠው፣ የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ የሚናገር መፍቻም በጎን የጨመረው እሱ ነው። ፕሮግራሙ መፍቻውን ራሱ ይሠራለት ነበር፤ ፊደሉ አላማረውምና በእጁ ጻፈው። ሚስቱ «አንተ እኮ ካልሲህን እንኳ ማዛመድ አቅቶሃል» ስትለው «ካልሲ ሳይንስ አይደለም» ብሎ አፏን አስያዛት።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃው ዶክተሯ ሥዕሉን ይዘው መጡ።

«ለማነጻጸሪያ የሰጠኸው ያንተ ደም፣ ሰማያዊዋ፣ አንደኛ ወጥታለች! የሕፃኗ፣ ቀይዋ፣ ግን አትሆንም። ጣላት።»

ሕፃኗ ሕመሟ ገና አልታወቀም፤ ደም ሥሯም በስንት ፍለጋ ነው የተገኘው። እሱ ግን መጀመሪያ የሰማው «አንደኛ» የምትለዋን ብቻ ነበር። ደረቱን ነፋ። በደሙ ጥራት የሚኮራ ሰው ካለ እሱ ነው።

ወዲያው ሐሙስ ትዝ አለው። የራሱን ናሙና ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ምሳ ሄዶ፣ ሁለት ሰዓት ሲያወራ ቆይቶ፣ ማንም ሳያይ መልሷት ነበር። እንዲህ የተንገላታች ናሙና አንደኛ? መፍቻውን አየው። ሁለቱን ስሞች አቀያይሮ ጽፏቸዋል።

ቢያርመው «ያንተ ደም ምን አገኘው?» መባሉ አይቀርም። ዝም ቢል እሱ አንደኛ እንደሆነ ይቀራል፣ የሕፃኗ ጥሩ ናሙና ግን ትጣላለች። በራሱ አፈረ፤ ለማሰብ ጊዜ መፈለጉ ራሱ አሳፈረው።

«ዶክተር፣ ናሙናዋ አይጣል! ሰማያዊዋ የሕፃኗ ናት። መፍቻውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ቀይዋ ያንተ ናታ! ምን አገኛት?»

«ምሳ» አለ፤ ሌላውንም ሁሉ ዘረገፈው።

ዶክተሯ መርፌና ብልቃጥ አመጡ።

«እጅጌህን ሰብስብ። የሕፃኗን ክንድ ሁለተኛ ከመውጋት ያንተን መውጋት ይሻለኛል።»

ፊቱን አዞረ፤ ደም ማየት አይወድም። ብልቃጡ ሲሞላ ዶክተሯ ወደ ዓይኑ አስጠግተው አሳዩት።

«ይቺም ቀይ ናት» አሉት። «መፍቻ እንዳትጽፍላት።»