ሰጣሚዋ

ቅዳሜ ቅዳሜ የነፍስ አድን ሠልጣኞቹ ሲመጡ ባሕሩ ዳር ቆማ ያገኟታል። ስሟን የሠልጣኞቹ አሠልጣኝ ዴርቭላም አታውቀውም፤ ሁሉም "ሰጣሚዋ" ይሏታል። ሥራዋ ለልምምድ መስጠም ነው። ስድሳን ብታልፍም ብርድ የሚከላከለውን የጎማ ልብስ አታስጠጋም። እጅጌው ጣቶቿን የሚውጥ፣ ክርኑ የተጣፈ የወንድ ሹራብ ለብሳ ትገባለች።

"ሰው የሚሰጥመው እንደለበሰ ነው" ትላለች። ዴርቭላ በሰው ቶሎ አትደነቅም፤ በእሷ ግን ሁሌም ትደነቃለች።

ዛሬ የምዕራቡ ነፋስ ካፊያውን ፊት ላይ ይረጨዋል። "ለስላሳ ቀን ነው" አለች ሰጣሚዋ፣ አገሬው ካፊያን እንደሚያቆላምጠው፤ ከዚያም ገባች።

አዲሱ ሠልጣኝ ፊንባር ጩኸት ሲጠብቅ ቆየ። እሷ ግን አፏን ወደ ሰማይ አቅንታ ዝም ብላ ወረደች። ዴርቭላ ገፍትራው ነው ዘሎ የገባው።

አሸዋው ላይ ካወጣት በኋላ "ምነው ሳይጮሁ?" አላት እያለከለከ።

"የሚሰጥም ሰው አይጮህም፣ ልጄ። እኛም ያኔ፣ የዚህ ሹራብ ባለቤት ሲሰጥም፣ ጩኸት ስንጠብቅ ነበር።"

እሷ የሹራቡን እጅጌ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ፣ "በል፣ እንደገና አውጣኝ" ብላ ወደ ማዕበሉ ተመለሰች።

ውኃው ጉልበቷ ጋ ሳይደርስ ፊንባር ተከትሏት ገባ።