ኦልሞስት የተባልኩበት ሰሞን

ደርግ ከገባ በኋላ ነው፤ አያትሽ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። አሰላ ዳር፣ ወደ ሳጉሬ መውጫው ላይ፣ የስንዴ ዘር የሚያዘጋጁበት ቦታ ነበረ። ለለቀማ ሴት ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩ። «ሁለት ሳምንት እናይሻለን፤ ከሆነልሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፣ ካልሆነ ትሸኛለሽ» አሉኝ።

ከተሸኘሁ እናትሽ ከትምህርት ቤት መውጣቷ ነው። ዲክሲስ ያለችው እህቴ «ልጅቷን ላኪልኝ፣ ቤት ታግዘኝ» ብላ ልካብኛለች። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ናት።

ሥራው ቀላል መሰለኝ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስንዴ ይፈሳል፣ ትለቅሚያለሽ፤ በቃ። ስንዴ መልቀም ማን ሊያስተምረኝ! ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ የተሰባበረውን አውጥቼ ትሪዬን አስረከብኩ። አለቃው ፈረንጅ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱን ፀሐይ የላጠው። ጣቱን ሰደደበትና «ኦልሞስት» ብሎኝ አለፈ። በማግስቱም «ኦልሞስት»። በሦስተኛውም ቀን እሱኑ።

አጠገቤ የምትለቅመው ሴትዮ ሳቀች። «ስም አወጣልሽ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሴቱ ሁሉ «ኦልሞስት፣ እስቲ ውሃውን አቀብይን» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ሊሸኘኝ ይሆን እያልኩ ቃሉን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ግቢያችን ውስጥ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሸሚዙን ሲያጥብ አገኘሁትና ጠየቅኩት።

«ኦልሞስት ማለት ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው፣ እትዬ» አለኝ።

«ስድብ ነው ምርቃት?»

«እንደ አገባቡ ነዋ። ኦልሞስት ሞቼ ነበር ያለ ሰው በሕይወት አለ፤ ደስ ይበለው። ኦልሞስት አውቶቡሱ ላይ ደርሼ ነበር ያለ ግን ቀርቷል።»

«እኔስ የትኛው ነኝ? ምን ቀረኝ?»

«እሱን ፈረንጁን ይጠይቁት። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ነው፣ ስንዴ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። በበነጋው ፈረንጁ ሲመጣ ትሪውን አልለቅም አልኩ። የሠራተኞቹን ኃላፊ፣ የፈረንጁን ቋንቋ የሚያውቀውን ካቦ፣ ጠርቼ «ምን እንደቀረኝ ያሳየኝ በለው» አልኩት። ፈረንጁ ጎንበስ አለና ከትሪዬ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ አነሳት፤ ጠቆር ያለች፣ ድብልብል ያለች፣ ከሁሉ የምታምር።

«ይቺ ምን አጠፋች?» አልኩ። «እንዲህ ያለውን እህል ማን ይጥላል? ግፍ አይሆንም?»

ካቦው ተረጎመልኝ። «የሌላ ዘር ናት ይልሻል። ብትዘራ ከሌላው ቀድማ ትደርስና አጨዳ ሳይጀመር ትረግፋለች። የምትለቅሚው ለዘር ነው እንጂ ለድስት አይደለም።»

ለካ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የለቀምኩት ለአፍ ነው። ለአፍ ሲሆን ወፍራም ይቀመጣል፣ ኮስማና ይጣላል። ነገሩ ቢገባኝም እጄ እምቢ አለ። ፍሬዋን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። መጨረሻ ላይ ካቦውን «የሚወጣው የት ይሄዳል?» አልኩት። «ወፍጮ ነዋ! የት ይሄዳል ብለሽ ነው?» አለኝ። ይኼን ስሰማ እጄ ተፈታ። ጠቆር ያለችውን፣ ረዘም ያለችውን፣ ባዳ የሆነችውን ሁሉ ለወፍጮ እያልኩ ለየሁ። ዓይኔ እስኪያነባ ለቀምኩ።

የመጨረሻው ቀን ፈረንጁ ትሪዬን አገላብጦ አየ፤ «ኦልሞስት» እንኳ አላለኝም። ወደሚቀጥለው ሄደ። መሸኘቴ ነው ብዬ ነጠላዬን አነሳሁ። አጠገቤ የምትለቅመው ሴትዮ «ኦብሲ» አለችኝ፣ በኦሮምኛ ታገሺ ማለቷ ነው። ቆይቶ ካቦው ወረቀት ይዞ መጣ።

«መፈረም ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ጣትሽን አምጪ፤ ቋሚ ሆነሻል።»

ቀለሙ ሳይደርቅ ትምህርት ቤቱ በር ሄጄ ቆምኩ። እናትሽ ስታየኝ ደነገጠች፤ እዚያ ሄጄ አላውቅማ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አልኳት። «ነገም ትመጫለሽ። ከነገ ወዲያም።»