ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በኋላ

አጎቴ ሬዲዮናቸውን ከባና ቁራጭ የተሰፋ ልብስ አልብሰውታል። ባና የመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ «ሬዲዮም ይበርደዋል» ይላሉ። ያን ሬዲዮ እየሰማሁ አድጌ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ድምፄ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ጠርተው ያሰማሉ፤ ስለ ክትባት ላውራ ስለ ሲሚንቶ ግድ የላቸውም።

አንድ ጥቅምት ላይ አለቃዬ ለምሳ ሰዓት ዜና የአዝመራ ዘገባ አዘዘኝ። ሰዓቱ ነጉዷል። ስልኩን ከመቅጃው ጋር አገናኝቼ መንዝ ውስጥ ሞላሌ አጠገብ ለሚኖሩት ለአጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አዝመራው እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው ጋሼ። ቸኩያለሁ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

የመንዝ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ችግሩን የሚያወጣው ልጁንም ከብቱንም ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም፤ እዚያው ነው የተወለድኩት። የዚያን ቀን ግን እንደ ከተማ ልጅ ሰማሁና ጻፍኩት፦ «የአካባቢው አርሶ አደሮች አዝመራቸው በአመርቂ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ገለጹ።» ቀጥሎ የአጎቴ ድምፅ ተሰማ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።

ከሦስት ቀን በፊት ውርጭ የአካባቢውን ገብስ አቃጥሎት ነበር።

አጎቴ እንደ ልማዳቸው ጎረቤቱን ሰብስበው እያሰሙ ነበር። የባለቤታቸውን ቃል ልጠቀምና፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሬዲዮውን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየ። ማሳው ሙሉ ለሙሉ የነደደበት የቅርብ ጎረቤታቸው ደህና ዋሉ ሳይል ተነሥቶ ወጣ። አዝመራው አመርቂ ነው ለተባለ ሰው ማን ዘር ይልክለታል?

አጎቴ ሀብታም አይደሉም። ያላቸው ነገር ቃላቸው ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠራቸው ጠፋ። ሬዲዮውንም ከባናው አውጥተው አልከፈቱትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አንድም የጠራ ነገር የለም።

መቅጃዬን ይዤ ሞላሌ ሄድኩ። አጎቴ አቅፈው ሳሙኝ፣ የልጆቼን ጤና አንድ በአንድ ጠየቁ፣ ስለ ዜናው ግን ትንፍሽ አላሉም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ለዳቦና ለጠላ ሲቀመጡ፣ በአገራችን ወግ ይቅርታ ልጠይቅ ድንጋይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ፊታቸው ቆምኩ። መጠኑን ሳልመርጥ ስላነሣሁት ሊጥለኝ ምንም አልቀረውም፤ አጎቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አንድ አረጋዊ ቄስ ድንጋዩን አወረዱልኝ።

«ልጄ፣ ይቅር ብለንሻል፤ ግን አልጨረስሽም» አሉ። «አገር እየሰማ ያልሽውን እኛ ጆሮ ብቻ ብታወርጂው ምን ይጠቅማል? ያልሽበት ቦታ ሄደሽ አውርጂው።»

ከዚያ አጎቴ ጎን ተቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ፤ እስኪጨርሱም አፌን ዘጋሁ። ከምስጋናው፣ ከልጆቹና ከከብቱ በኋላ ውርጩ መጣ። ድምፃቸው ያን ጊዜ ነው የተሰበረው።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። «ጣቢያው ተሳሳትኩ ካለ ማን ያምነናል?» አለኝ።

«አሁንስ ማን ያምነናል?»

«ሁለት ደቂቃ» አለ። አምስት ወሰድኩበት፤ አላቋረጠኝም።

በዚያው በምሳ ሰዓት ተናገርኩ። «ስለ ገብሱ የነገርኳችሁ ስሕተት ነው። ድምፃቸውን የሰማችኋቸው ሰው አጎቴ ናቸው፤ አልዋሹም። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ የእሳቸውን ቃል ሳልቆርጥ ለቀቅኩት፣ ሰላምታው ሳይቀር።

ተአምር አልተፈጠረም። አንድ አድማጭ ደውሎ፣ «ስንቱን ልታርሙት ነው!» ብሎ ሰደበን፤ እውነቱን ነው። የአጎቴ ባለቤት ሬዲዮው ለምሳ ሰዓት ዜና ብቻ ከባናው እንደሚወጣ ነገሩኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ አርሶ አደር ጋ ስደውል ሰላምታውን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል።

ከወር በኋላ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«እንደምን አሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ልጆቼ እስኪጠይቁኝ፣ ከዚያም ችግሩ እስኪመጣ።

«በይ ደህና ሁኚ፣ ሰው ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» አሉ።

«ማን ነው ጋሼ?»

«ያ ገብሱ የነደደበት ጎረቤቴ ነዋ! ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልተው አስታርቀን ይለኛል። ቸኩያለሁ፣ ቆይቼ እደውላለሁ።»

ዘጉት። ስለ ልጆቼ ሳይጠይቁኝ ስልክ ሲዘጉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የተዘጋውን ስልክ እንደያዝኩ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ በደስታ አለቀስኩ።