ብርቄና የ«ሰባት ወንበር» ሽማግሌዎች

ብርቄ ስለ ራፕ ያላት አስተያየት አጭር ነው፤ ጀብዱ ያልሠራ ሰው ፉከራ ነው። «የድሮ ሰው የሚፎክረው ደርሶ ሲመለስ ነው» ትላለች ማበጠሪያዋን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ። «እነዚህ ግን ገና ከአልጋ ሳይወርዱ ይፎክራሉ። ያውም ሱሪያቸውን በቅጡ ሳይታጠቁ!» አዘዞ ያለው ፀጉር ቤቷ የሚመጡ ሴቶች ይህን ንግግር በቃላቸው ይዘውታል። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ ምንም የማይሰማት ደንበኛ እንኳ ከንፈሯን አይታ ታውቀዋለች።

ስለ «ሰባት ወንበር» ከጠየቋት ግን አታሳጥርም። ሰባት ወንድ ተደርድሮ አንዲት ሴት ባል የምትመርጥበት የቴሌቪዥን ውድድር ነው። «ቲማቲም ነው እንዴ እያገላበጡ የሚመርጡት? ምነው፣ ዘመድ የላትም? ሽማግሌ የላትም?» ብላ ትሰድበዋለች። ግን አንድም ክፍል አምልጧት አያውቅም። እሑድ ከሰዓት ፕሮግራሙ ሲጀምር የያዘችውን ሹሩባ ግማሹ ላይ ትታ ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። ደንበኛ ቢያጉረመርም «ዝም በይ፣ ቢጫ ኮት የለበሰው አሁን ሊዋረድልሽ ነው» ትላታለች።

እንግዲህ አንድ እሑድ አራተኛው ወንበር ላይ ማን ተጎልቶ ቢታይ ጥሩ ነው? ምንይችል! የትክል ድንጋይ ከተማው የአያ የሻው ልጅ፣ የብርቄ እጮኛ!

ከሦስት ዓመት በፊት ሦስት ሽማግሌዎች የብርቄ እናት የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደጅ ላይ ቆመው ልጅቷን ለምንይችል ጠይቀዋል። እሺ ተብለው፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። አንድ ወር ሲቀረው ልጁ «ራፐር እሆናለሁ» ብሎ አዲስ አበባ ገባና ስልኩን ቀየረ። ሽማግሌዎቹም አፍረው ቀሩ። በእነሱ አገር ወግ ደግሞ የጠየቀ ሽማግሌ፣ ነገሩ ሲፈርስ ተመልሶ መጥቶ ቃሉን ማስፈታት አለበት። የሴቲቱ ቤት «ለቀናል» እስካላለ ድረስ ቃሉ እንደታሰረ ነው። ማንም አልመጣም። ብርቄም ሆድ ይፍጀው ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

አሁን ፀጉሩን ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ፣ ስሙን «ኤምሲ ምኒ» ብሎ መጥቷል። አቅራቢዋ «ከዚህ በፊት ለሴት ቃል ገብተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«በፍጹም!» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አዘዞ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች፣ እየተከተለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ከእሷ ሸሽቼ ነው አዲስ አበባ የገባሁት።» ሰባቱም ወንበር በሳቅ ፈረሰ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ ብርቄ ዞሩ። አዘዞ ፀጉር ሠሪው ብዙ ነው፣ የምንይችል እጮኛ ግን አንዷ ናት። ብርቄ ግን የጀመረችውን ሹሩባ እስከ ጫፉ ጨረሰች።

በማግሥቱ የሚኒባሱ ሾፌር «ብርቄ፣ ዛሬስ ማንን እየተከተልሽ ነው?» አላት። ይህን ቻለችው። አንጀቷን ያቃጠላት የእናቷ ነገር ነው። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ቴሌቪዥንን «የሰይጣን መስኮት» እያሉ ዞረው የማያዩ ሴት ናቸው፤ ወሬው ግን ደረሳቸው። የዚያን ወር የማርያም ማኅበራቸውን ራሴን አመመኝ ብለው ቀሩ። በሚቀጥለውም ወር ቀሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱትና ቆለፉ። ብርቄ ይህን ስታይ «አልምረውም!» አለች። «አገር እየሰማ እንዳዋረደን አገር እየሰማ ካላዋረድኩት፣ እኔ ብርቄ አይደለሁም!»

እሱ ግን ከሳምንት ሳምንት እያለፈ ለመጨረሻው ደረሰ። መራጯ ፅዮን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ልቧ ወደ እሱ አዘንብሏል። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ካሜራው ትክል ድንጋይ አባቱ ቤት ድረስ ሄዶ፣ የልጁ ሽማግሌዎች «ልጃችን ከማንም ጋር ቃል የለውም» ብለው ይመሰክሩለታል።

ቀረጻው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ጧት እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደጅ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡም። እናትየው ሊሏቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ብርቄ ክንዳቸውን ያዘች።

«እማ፣ ትንሽ ይቁሙ። እኛ ሦስት ዓመት ቆመን የለ?»

«እውነትሽን ነው፣ ጥፋተኞች ነን» አሉ አንጋፋው አያ ሐብተ ማርያም ምርኩዛቸውን ተደግፈው። «ልጁ ቅዳሜ ቃል የለበትም በሉልኝ ብሎናል። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ያሰርኩትን ሳልፈታ ሌላ ቤት አፌን አልከፍትም። ልቀቁንና እንሂድ።»

«እሱ ምን አለ?»

«ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ዛሬ ማን ይቆጥረዋል፣ ዝም ብላችሁ ተናገሩ አለን።»

ብርቄ በሆዷ እሰይ! አለች። ጅሉ! ሽማግሌዎቹንም እንደ ዘፈን አጃቢ ቆጥሯቸዋል።

«እለቃለሁ አያ ሐብተ ማርያም። ግን እዚህ አይደለም። ስሜን ያነሳው በቴሌቪዥን ነው፣ የምለቀውም በቴሌቪዥን ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ። የሌለውን ይበሉልኝ አልልዎትም፤ ሲጠየቁ ያለውን ይናገሩ።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና «ሸጋ» አሉ። ያን ጊዜ ብርቄ ወንበር አቀረበችላቸው።

ቅዳሜ የአያ የሻው ግቢ ዳስ ተጥሎበት፣ አገሬው ሁሉ ካሜራው ውስጥ እንገባ ይሆን እያለ ተገፋፍቶ ቆሟል። ብርቄ የራሷን ፀጉር ራሷ ሠርታ፣ አምራ ተውባ ከኋላ ቆመች። ምንይችል አላያትም። ኮቱን እያስተካከለ ለፅዮን ይስቅላታል።

«አባታችን፣ ልጃችሁ ከማንም ጋር ቃል የለውም አይደል?» አለች አቅራቢዋ።

«አለው እንጂ» አሉ አያ ሐብተ ማርያም። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። የልጅቷ ቤትም እስካሁን አለቀቀም። ያቻትና!»

ካሜራው ዞረ። የምንይችል ፊት አመድ መሰለ። «ይሄ... ይሄ የባላገር ወግ ነው» አለ እየተንተባተበ። ባላገሩ በሙሉ ያየዋል።

ብርቄ ወደ ፊት ወጣች። «አያ ሐብተ ማርያም፣ ማን ነበር ማንን የፈለገው?»

«እሱ አንቺን። እሺ እስክትሉን ሦስት ጊዜ አመላልሳችሁናል።»

«እኔ ተከትዬው አውቃለሁ?»

«ኧረ እኛ ነን እንጂ ስንከተልሽ የከረምነው!» ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ብርቄ ወደ ፅዮን ዞረች። «እህቴ፣ በአንቺ ቂም የለኝም። እኔ ለቅቄዋለሁ። ከፈለግሽው ውሰጂው፣ የተውኩት ነው።» ከዚያ ወደ ምንይችል ዞረችና «በል አሁን ፎክር እስቲ!» አለችው። ኮቱን ማስተካከል ጀምሮ እንዳለ ድርቅ አለ። ፅዮን ማይክሮፎኑን ከደረቷ ነቅላ አቅራቢዋ እጅ ላይ አስቀመጠችና መኪና ውስጥ ገባች።

ፕሮግራሙ በሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ሲያልቅ፣

«ብርቄ» አሉ።

«ወዬ፣ እማ።»

«ያን ኮቱን እያስተካከለ ድርቅ ያለበትን መልሺልኝ።»

ብርቄ ከኢንተርኔት ፈልጋ በስልኳ አሳየቻቸው። አንዴ አዩት፣ ደገሙት፣ በሦስተኛው «እስቲ ድምፁን ከፍ አድርጊው» አሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። አምስት ጊዜ ካዩ በኋላ ተነሥተው ሳጥኑን ከፈቱና ነጠላቸውን አወጡ።

«ነገ ማርያም ናት» አሉ እያራገፉት። «ስልክሽን ታውሺኛለሽ። ከማኅበርተኞቹ ያላዩ ይኖራሉ።»